ሜዳው ዝም ያለ ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለይስማው፣ ካለህበት።

ወንድምዓለም፣ የተለየኸን ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ወንዙ ሁሉ ሞልቶ ሰው ከሰው በማይገናኝበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ መስቀል አልፏል፤ አርባህ ወጥቷል፤ አሁን ገብሱ እየታጨደ ነው። ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ተብሎ ነው። አንተን እንደዚያ ብዬ ልጠይቅህ ስነሣ ግን እጄ እየቆመ አስቸገረኝ። ስለዚህ እሱን ዘልዬ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ከሄድህበት ስትመለስም መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነበር።

አባታችን ደህና ናቸው። አንድም ቀን ቅዳሴ አላስታጎሉም። ዲያቆኑ እንደሚለው ግን ዜማውን ከበፊቱ ዝቅ አድርገው ነው የሚያነሡት፤ ሕዝቡም እሳቸውን ተከትሎ ዝቅ ብሎ ይመልሳል። ቦራው በሬ ሰንፏል፤ ወይም አባታችን ጅራፍ ማንሣት ትተዋል፤ የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም። ወደ ቆላ ከመውረድህ በፊት የዘራኸው ባቄላ አምሮ ያዘ። እሸቱን ስንበላ የማን እጅ እንደዘራው ማንም አልተናገረም። ሁላችንም ግን ቀስ ብለን ነበር የበላነው።

ትንሿ እህታችን ጥሩዬ ለጎረቤት ልጆች «ይስማው ንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት ነው» ትላቸዋለች። ማንም አላረማትም። ወደዚህ ስመጣ እስከ አጥሩ ድረስ ሸኝታኝ «ለይስማው ሰላም በልልኝ» አለችኝ። እነሆ፣ ብያለሁ።

የምጽፍልህ ከኪራይ ቤታችን ነው። አንተ ትተኛበት የነበረውን የመደቡን ጎን ባዶ ትቼዋለሁ። ደምሴ ዛሬም አብሮኝ ነው የሚኖረው። በመጀመሪያው ሳምንት የስንቅ ስልቻውን እዚያ ሊያስቀምጥ ሲል ከለከልሁት። «ይስማው እንኳ ራሱ ሲኖር ግማሹን ይለቅልኝ ነበር» አለኝ። «አንተ ከባለቤቱ ባስህ።» ከዚያ ስልቻውን አቅፎ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ታውቀዋለህ፤ ደምሴ ቀልዶ ሲጨርስ ነው ሐዘኑ የሚመጣበት።

ትምህርት ቤታችን እንደነበረ ነው፤ የከተማው የመጨረሻ ቤትና የመጀመሪያው የገብስ ማሳ በሚገናኙበት ዳር ላይ። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከገደሉ ሲወጣ ሜዳውን፣ አጥሩን፣ የሰንደቅ ዓላማውን እንጨት አንድ በአንድ ይውጣቸዋል። የክፍሎቹ ቆርቆሮ ብቻ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። እንደዚያ ባለ ጠዋት የጂኦግራፊ መምህራችን ካርታ እያሳዩን ሳለ በመስኮቱ በኩል ስትሮጥ አየሁህ። አልደነገጥሁም። አንገትህን ትንሽ ወደ ግራ አዘንብለህ፣ አፍህን ገጥመህ፣ ልክ እንደ ወትሮህ ነበርህ። ስታልፍ ጭጋጉ ጥቂት ተከፈተና ተመልሶ ገጠመ። መምህሩ «ሞላ፣ ዓባይ ከጣና በየት በኩል ይወጣል?» ሲሉኝ «በመስኮቱ» ብዬ መለስሁ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጠመኔውን አስቀምጠው «ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ።

ሌላ ጊዜም አይሃለሁ። ንፋሱ ከማዶ ሲነሣና የባሕር ዛፉ ቅጠል ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲገለበጥ፣ የሆነ ሰው በዚያ በኩል በሩጫ ያለፈ ይመስለኛል።

የዱላ ቅብብሉን ነገር አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ግን ስጽፈው ደስ ስለሚለኝ ልጻፈው። በዘውድ በዓል ቀን ሦስት አገር ሦስት ቡድን ያቀርባል፤ ጋይንት፣ እስቴ፣ ስማዳ። ሯጩ ለየቡድኑ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ከሜዳው ተነሥቶ ገበያውን ሰንጥቆ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር፣ ሁለተኛው ከዚያ እስከ ድንጋይ ድልድዩ፣ ሦስተኛው ከድልድዩ ዳገቱን ወጥቶ ተመልሶ ወደ ሜዳው። ዱላው ከየአገሩ ተቆርጦ መምጣት አለበት፤ የእኛ ወይራ ነው። ያሸነፈው አገር ዱላ እስከ ዓመቱ ድረስ በዳይሬክተሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ልማዱን ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም፤ ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ነው ይላሉ። ገበያ የመጣ ገበሬ እንኳ ሸቀጡን ትቶ ያያል። በኳስ የሚበልጡን ይበልጡናል፤ በዱላው ግን ቀልድ የለም።

ዳገቱ ያንተ ነበር።

አምና የስፖርቱ መምህር የሩጫ ሰዓታቸውን ይዘው ድልድዩ ላይ የቆሙልህን ቀን አስታውሰዋለሁ። «በስንት ደቂቃ እንደምትወጣው ታውቃለህ?» አሉህ። አንተም ሳታፍር «ከሰኞው ውዳሴ ማርያም ጋር እኩል እንጨርሳለን፤ ሲከፋኝ የማክሰኞውን እጀምራለሁ» አልሃቸው። መምህሩ የሸዋ ሰው ናቸው፤ የቄስ ልጅ ነገር አልገባቸውም። ከልጅነታችን ጀምሮ አባታችን ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው ሲያስከትሉን መንገዱን በጸሎት ስንለካ እንደኖርን ከየት ያውቃሉ? ደምሴ ጣልቃ ገብቶ «መምህር፣ ይህ ልጅ ሲያሸንፍ ድሉ የስማዳ ነው፤ ሲሸነፍ ግን ጸሎቱን ስላቋረጠ ነው» አላቸው። መምህሩ እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ አንተን ሲያዩ «ዛሬ የምን ቀን ውዳሴ ነው?» ሳይሉ አያልፉም ነበር።

ስለ ሕመምህ ብዙ አልጽፍም። አንተ ነበርህበት። ለአጎታችን ማሽላ ልታርም ወርደህ ንዳድ ይዞህ መጣህ፤ ወንዙ አላሻግር ብሎ ሐኪም ዘንድ ሳንወስድህ ቀረን። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፤ አንተ አታውቀውም። ትኩሳቱ ሲበረታብህ እግርህ በጋቢው ሥር ይሮጥ ነበር። እናታችን «ያዝልኝ እግሩን፤ ይደክመዋል» ትለኝ ነበር። እኔም ያዝሁ። ዳገት ላይ እንደነበርህ አውቃለሁ፤ እዚያ ላይ ስትደርስ የምትተነፍሰውን ትንፋሽ አውቀዋለሁ።

ከቀብርህ በኋላ እናታችን ወደ ትምህርት ቤት አትመለስም አለችኝ። «ከዓይኔ የራቀ አይመለስልኝም» ነው ያለችው፤ ሌላ ምክንያት አልሰጠችም። አንተ የታመምህ በትምህርት ቤት አይደለም ብዬ ልከራከራት አልቻልሁም። እናት እንደዚያ ስትል በምን ቃል ትከራከራታለህ? አባታችን ገቡበትና ነገሩ በግማሽ አለቀ። እስከ ዘውድ በዓል ልማር፤ በዚያን ጊዜ እናታችን ከገበያተኛው ጋር ንፋስ መውጫ ትመጣና ዕቃዬን አስይዛ ወደ ቤት ትመልሰኛለች። ከዚያ በኋላ ከቦራው ጋር መዋል ነው።

እኔ ደግሞ ወንድምዓለም፣ ትምህርቱን እፈልገዋለሁ። ላንተ አልደብቅም። አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ መምህር ልሆን እፈልጋለሁ። ሁለታችንም ማታ ማታ የምናወራው እሱን ነበር፤ አንተ ስፖርት፣ እኔ ጂኦግራፊ፣ በአንድ ትምህርት ቤት። ቤት ብቀር አባታችንን እንደምረዳ አውቃለሁ። ግን ማሳውን ሳይ አንድ ሰው ሳይሆን ሁለት ሰው የቀረ ይመስለኛል።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ደምሴ የመጣብኝ። «ሦስተኛ ሰው የለንም» አለኝ። «እኔ አንደኛውን እሮጣለሁ፤ አየለ ሁለተኛውን። ሦስተኛ ካላመጣን ስማዳ ይሰረዛል። ከአገራችን ልጅ የቀረው ገብሬ ነው፤ እሱ ደግሞ የምሳ ደወል ሲደወል እንኳ አይሮጥም።»

ሐዘንተኛ ነኝ አልሁት። የሞተበት ሰው እስከ ሙት ዓመቱ ጨዋታ እንደማይገባ እሱም ያውቃል። ራሱን አከከና «ሩጫ ጨዋታ ነው እንዴ? እኔ ስሮጥ ተደስቼ አላውቅም» አለ።

ለአርባህ ቤት ስሄድ ለአባታችን ይህንኑ ጠየቅኋቸው። ፍትሐቱ አልቆ፣ ሰው ተበትኖ፣ ከደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። «ሩጫ ክፉ ነው የሚል ንባብ አላውቅም» አሉኝ። «ሐዘኑ ግን የእናትህ ነው። እሷን ጠይቃት።» እናታችንን ጠየቅኋት። ጓዳ ውስጥ የእንግዳውን ዋንጫ እያጠበች ነበር፤ ቀናም አላለች። አንዱን ዋንጫ ደጋግማ አጠበችው። «በዚያ ቀን እመጣለሁ ብያለሁ፤ እመጣለሁ» አለች። ይኸው ነው። ሩጥም አላለችኝ፤ አትሩጥም አላለችኝ። ወደ ንፋስ መውጫ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያንን ቃል ሳገላብጠው፣ አንዴ ፈቃድ አንዴ ክልከላ ሲሆንብኝ መጣሁ።

በዓሉ ሲደርስ ጠዋት ተሰልፈን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዘመርን፤ የአውራጃው ገዥ ዳስ ሥር ተቀመጡ፤ ዳይሬክተሩ ረጅም ንግግር አደረጉ። እኔ ያንን ሁሉ በደንብ አልሰማሁትም። ዕቃዬን ጠዋት ጠቅልዬ፣ ቁርበቴን በገመድ አስሬ ነበር የወጣሁት፤ እናታችን ስትመጣ እንዳላስጠብቃት። ሸራ ጫማህን ላደርገው ሞክሬ ነበር፤ ሰፋኝ። የራሴን አድርጌ ወጣሁ። ከዚያ ወደ ድልድዩ ወርጄ አየለን ስጠብቅ ነበር። ፀሐይዋ ገርጥታ ነበር፤ ከገደሉ ጭጋግ እየተነሣ ድንጋዩን ይልሰው ነበር።

የእስቴው ይርጋ አጠገቤ ቆሞ እግሩን ያፍታታል። ዘንድሮም ሦስተኛውን የሚሮጠው እሱ ነው። አምና አንተ ስትቀድመው «ጫማዬ ነው» እያለ ሲምል የዋለው ይርጋ ነው። ሰላም ካለኝ በኋላ «ቀዝቃዛ ነው» አለ። ቀዝቃዛ ነው አልሁት። ጥቂት ቆይቶ «እሱ እዚህ ቆሞ አፉን ያንቀሳቅስ ነበር፤ የሚረግመኝ ይመስለኝ ነበር» አለኝ። ውዳሴ ማርያም ነው አልሁት። «አሁን ነው የሚነገረኝ?» አለ።

አየለ ከይርጋ ጓደኛ ኋላ ደረሰ። ዱላውን ተቀብዬ ስነሣ ይርጋ ቀድሞኝ ሄዷል፤ የጋይንቱ ልጅ ገና አልተነሣም። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት እንደምነግርህ አላውቅም፤ ወንድምዓለም። ዳገቱን ስጀምር የእግር ድምፅ ሁለት ሆነ። ከእኔ እግር ጋር እኩል የሚወድቅ ሌላ እግር በግራዬ በኩል ነበር። ዞሬ አላየሁም። ማየት አያስፈልገኝም ነበር። ጭጋጉ ጥቅጥቅ ብሎ መንገዱን ከእግሬ ሥር በቀር አያሳየኝም፤ ትንፋሽህ ግን አጠገቤ ነበር። ያ በቤት ውስጥ የሰማሁት የሕመም ትንፋሽ አልነበረም። የቀድሞው ነበር፤ አጭር፣ በአፍንጫ፣ የማይቸኩል። ላናግርህ አላሰብሁም። አንድ ላይ ወጣን። ቁጥቋጦው ጋ ስንደርስ ይርጋን አለፍነው፤ ጥላ ሆኖ ታየኝና ኋላ ቀረ። ክብደት አልነበረኝም። ዳገቱ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ደልዳላ ቦታ የሚወስደኝ ይመስል ነበር። እንደዚያ ለዘላለም ብሮጥ አልጠላም ነበር።

አናቱ ላይ ስንደርስ ጭጋጉ አለቀ፤ ሜዳው ከሥር ተዘረጋ። ከዚህ ቦታ ምን እንደሚሰማ አንተ ታውቃለህ። የመጀመሪያው ሯጭ ራስ ብቅ ሲል የአገሩ ሴቶች እልልታውን ያቀልጡታል፤ ወንዱ ይፎክራል፤ ተማሪው ቆርቆሮ ይደበድባል። እኔ በየዓመቱ ከታች ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ላንተ ስል ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼበታለሁ። ከላይ ሆኜ ስጠብቀው ግን ምንም አልመጣም። ሰው ሜዳውን ሞልቶታል፤ ሁሉም ወደ እኔ ያያል፤ ማንም አፉን አይከፍትም። የሰንደቅ ዓላማው ገመድ እንጨቱን ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

ቁልቁለቱን ወርጄ ሜዳው ውስጥ ገባሁ። ዝም። በስማዳ ሰዎች ፊት አለፍሁ። ዝም። ያኔ እናታችንን አየኋት። አጥሩ ጥግ፣ ከሴቶቹ መካከል፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ነገሩ ሁሉ ባንዴ የገባኝ መሰለኝ። ሐዘንተኛ ሆኜ በአደባባይ በመሮጤ አገሩ ሁሉ አፍሮብኛል፤ እሷም ይህንን እንድታይ ሆኗል። በግራዬ በኩል የነበረው የእግር ድምፅ ቆመ። እኔም ቆምሁ።

የሩጫው መጨረሻ ላይ የተወጠረው ሲባጎ ከፊቴ ነበር። ዱላውን ይዤ ሜዳው መሃል ቆምሁ።

ይርጋ መጣ። አጠገቤ ሲደርስ እርምጃውን አሳንሶ «ምን ሆነህ ነው? ሂድ እንጂ» አለኝ። እየዞረ እያየኝ ሄዶ ሲባጎውን በጠሰ። ለእሱም ማንም አላጨበጨበም። የጋይንቱም ልጅ አለፈኝ።

ከዚያ የእናታችን ድምፅ ተሰማ። «ምነው ቆመ? ልጁን ምን አገኘው?» አለች። አንዲት የአገራችን ሴት ቀስ ብላ መለሰችላት፤ «እኛ እንጃ እኅቴ። እኛስ ላንቺ ብለን፣ ሐዘንሽን አክብረን ዝም አልን።» ሌላዋም ጨመረች፤ «አንቺ ቆመሽ እንዴት እልል ይባላል? የእስቴዎቹም፣ የጋይንቶቹም ሴቶች እኮ እኛን አይተው ዝም አሉ።»

እናታችን እንዲያ ስትቆጣ አይቼ አላውቅም። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ግን ሜዳው ዝም ብሎ ስለነበር ቃሏ ሁሉ ተሰማ። «የሞተውን አክብራችሁ ያለውን አቆማችሁብኝ» አለች። «እኔ ለቅሶዬን ይዤ ብመጣ እሱ ምን አደረገ? ሲሮጥ ላየው ነው የመጣሁት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ፣ ምን ይገትርሃል? የያዝኸውን አድርስ እንጂ።»

አደረስሁ። መጨረሻ ወጣን።

የስፖርቱ መምህር ሰዓታቸውን እያዩ ወደ እኔ መጡ፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ። ደምሴ ዱላውን ከእጄ ተቀብሎ እንደ ሕፃን አቀፈው። «የቢሮው ግድግዳ ለእስቴ ነው የደረሰው፤ ምን ታደርገዋለህ» አለ። «እኔ ግን ከላይ ብቅ ስትል አይቻለሁ። ብዙ ቀድመህ ነበር። አንድ ሰው እልል ቢል ኖሮ እኮ።» ይርጋም መጣ። «እንዲህ ያለ ማሸነፍ አላየሁም፤ ቀብር የመጣሁ ነው የመሰለኝ» ካለ በኋላ የተናገረው ገባውና ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ «ይቅርታ ሞላ። ደግመን እንሩጠው? ሰው ሲሄድ፣ ሁለታችን ብቻ» አለኝ። በሌላ ቀን አልሁት። በሚመጣው ሳምንት ድልድዩ ላይ ይጠብቀኛል።

እናታችን ከአክስታችን ቤት አድራ በማግስቱ ጠዋት ወደ ኪራይ ቤታችን መጣች። ደምሴ ሰላምታ ሰጥቷት በፍጥነት ወጣ። የታሰረውን ቁርበት አየችው። የጠቀለልሁትን ጋቢ፣ የደረደርኋቸውን መጻሕፍት አየች። መደቡ ላይ፣ ባዶ በተውሁት ባንተ ጎን ተቀምጣ መዳፏን መደቡ ላይ አስኬደች። ልጫንልሽ ወይ ብዬ ለመጠየቅ አልደፈርሁም። ከዚያ ተነሣችና የቁርበቱን ገመድ ፈታች፤ አንጥፋ ጠርዙን በእግሯ አስተካከለች። ከአህያዋ ላይ ስንቁን አውርጄ እንዳስገባ በእጇ አሳየችኝ። በሶና ሽሮ ነው፤ ብዙ ነው። ወደ ቤት ልትመልሰው ላሰበችው ልጅ ያን ያህል ስንቅ ለምን ጭና እንደመጣች አልጠየቅኋትም። እሷም ራሷ የምታውቀው አይመስለኝም።

እስከ ቁልቁለቱ አፍ ሸኘኋት። ከሥር የስማዳ መንገድ በጭጋግ ውስጥ ይገባል፤ የቀደሙት ገበያተኞች ድምፅ ይሰማል፤ ሰዎቹ አይታዩም። እዚያ ላይ ቆማ፣ ድንገት ሳልጠይቃት «ይስማው እግሩ የዘገየ ልጅ ነበር» አለችኝ።

ምን እንደምትል አልገባኝም ነበር። እሷ ግን ወደ ጭጋጉ እያየች ቀጠለች። እኩዮችህ ሁሉ ሲሮጡ አንተ ገና ትድህ ነበር። ሴቶቹ «ይህ ልጅ አይሄድም» እያሉ ይሾካሾኩ ነበር። ጠበል አመላልሳሃለች፤ ተስላብሃለች። አንድ ቀን፣ ልክ እንደዚህ ሰሞን ገብስ ሲወቃ፣ አውድማው ዳር አስቀምጣህ እሷ ከአባታችን ጋር ታበራይ ነበር። ዞር ስትል የለህም። አንድ ጥጃ ከመሃል አፈትልኮ ነበርና አንተ ተነሥተህ በገለባው ላይ እሱን እየተከተልህ ነው። መራመድ አላልሁትም፤ እንደነገረችኝ ከሆነ መጀመሪያውኑ ሮጥህ። አባታችን መንሹን ጥለው ሊይዙህ ተነሡ፤ እሷ እጃቸውን ይዛ «ተዉት፣ ተዉት፣ ይሂድ» አለቻቸው። ጥጃው እስከ ወንዙ ዳር ወሰደህ። አልወደቅህም።

ይህንን ስትነግረኝ ሳቀች፤ ወንድምዓለም። ትንሽ ሳቅ ነው፤ ከተለየኸን ወዲህ ግን የመጀመሪያው ነው። «ለእሱ ለምን አልነገርሽውም?» አልኋት። «ልጆች ይስቁበታል ብዬ» አለች። «ኋላ ደግሞ ሯጭ ሲሆን፣ ሚስት ሲያገባ በሠርጉ ቀን እነግረዋለሁ ብዬ አቆየሁት።» ከዚያ አህያዋን ነዳች። ወደ ታች ስትወርድ ጭጋጉ መጀመሪያ እግሯን፣ ቀጥሎ ነጠላዋን ወሰደ።

ለሠርግህ ስታቆይልህ የነበረውን ነገር ሳታውቀው ሄድህ። ይህንን ደብዳቤ የጻፍሁልህ ለዚህ ነው። ያሳለፍናቸውን ቀኖች አልረሳቸውም፤ እነሱ ሁለታችንም የኖርንባቸው ናቸው። ያ ቀን ግን አንተ የማታስታውሰው፣ እኔም ያልተወለድሁበት ነው፤ እናታችን ብቻዋን ይዛው ኖራለች። አሁን እኔም ይዤዋለሁ። ጥሩዬ ስታድግ እነግራታለሁ፤ መምህር ከሆንሁም እግራቸው ለዘገየ ልጆች እነግራቸዋለሁ። ሌላው ሁሉ ቢደበዝዝብኝ እንኳ፣ ገለባው ላይ ተነሥተህ፣ ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ እያየህ፣ ማንም ሳይይዝህ ስትሄድ እያስታወስሁህ እኖራለሁ።

ወንድምህ ሞላ
ከንፋስ መውጫ